አዲስ ሳጥን፣ የድሮ ሕግ፦ የ«ሲቪላይዜሽን» እትሞች ምን ቀየሩ፣ ምን ተዉ?

ጅማ ውስጥ «የዚያ የድሮው ቦርድ ጌም አዲስ እትም ወጣ» ከተባለ ክርክሩ የሚነሳው ከጨዋታው ሳይሆን ከስሙ ነው። አንዱ «ሲቪላይዜሽን» ሲል የኮምፒውተሩን ማለቱ ነው፤ ሰባተኛው በፌብሩዋሪ 2025 የወጣው። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘርግቶ ሰው ከቦ የሚጫወተውን ነው የሚያስበው። ሦስተኛው ደግሞ በልቡ ያለው ሪስክ ነው፣ ዳይስ እየተወረወረ ዓለም የሚያዝበት። ማንም አልተሳሳተም። የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቀጥሎ አዲስ እትም ሲባል ምን እንደሚቀየር፣ ከዚያም ጨዋታው ስለ መንግሥት አመሠራረት ምን እንደሚል እናያለን። ጅማ ራሷ መንግሥት ነበረችና እዚህች ከተማ ላይ ሆኖ ይህን ነገር ማየት ደስ ይላል። (የፈረንጅ ጨዋታና የፈረንጅ ሰነድ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስጃለሁ።)

የስሙ ጣጣ

የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን ቦርድ ጌም ነው። ፍራንሲስ ትሬሻም የሚባል እንግሊዛዊ ሠራው፣ በ1980 ሃርትላንድ ትሬፎይል በሚባለው የራሱ ማተሚያ ወጣ። አቫሎን ሂል የሚባለው ኩባንያ ተቀብሎ አሜሪካ ውስጥ አሳተመው። ካርታው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው፤ ግብፅ፣ ባቢሎን፣ ቀርጤስ፣ አሦር እያለ ይሄዳል።

በ1991 ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ሆነ። አቫሎን ሂል «አድቫንስድ ሲቪላይዜሽን» የሚል የተሻሻለ ቦርድ ጌም አወጣ። ማይክሮፕሮዝ የተባለው ድርጅት ደግሞ የሲድ ማየርን የኮምፒውተር ጨዋታ በዚያው ስም ለቀቀ። በኮምፒውተሩ ላይ ከማየር ጋር የሠራው ብሩስ ሼሊ ቀድሞ አቫሎን ሂል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የትሬሻምን የባቡር ጨዋታም እዚያ ሳለ አዘጋጅቷል። ዝምድናው ከዚህ ይመጣል።

ስሙ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ፍርድ ቤት ተገቡ። በ1997 አቫሎን ሂልና አክቲቪዥን የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ኩባንያ አንድ ላይ ማይክሮፕሮዝን ከሰሱ። ማይክሮፕሮዝ ምን አደረገ? ሃርትላንድ ትሬፎይልን ራሱን ገዛ፤ የስሙን ምንጭ ማለት ነው። ጉዳዩ በ1998 በስምምነት ተዘጋና ስሙ ማይክሮፕሮዝ ጋ ቀረ። በዚያው ዓመት ሃዝብሮ የሚባለው ግዙፍ የአሻንጉሊትና የጨዋታ ኩባንያ አቫሎን ሂልንም ማይክሮፕሮዝንም ገዛቸው። ሁለት ሰው በበሬ ሲጣላ ሦስተኛው መጥቶ በሬውንም ባለቤቶቹንም እንደመውሰድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። ከኮምፒውተሩ ጨዋታ ተመልሰው የተሠሩ ቦርድ ጌሞች በ2002፣ በ2010 እና በ2017 ወጡ። እነዚህ የትሬሻም አይደሉም፣ ሕጋቸው ሌላ ነው። የትሬሻምን መስመር የተከተለው በ2015 የወጣው «ሜጋ ሲቪላይዜሽን» ነው። እስከ 18 ሰው ያጫውታል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እሱም ኋላ ላይ ምዕራብና ምሥራቅ ተብሎ ለሁለት ሳጥን ሲከፈል «ኢምፓየርስ» በሚል ስም ነው የወጣው። እና «አዲሱ ሲቪላይዜሽን» ሲባሉ የትኛው ብለው ይጠይቁ። ዘመዶች ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም።

«አዲስ እትም» ስንት ዓይነት ነው?

እትም ለመጽሐፍ ስንለው ቀላል ነው። ስህተት ይታረማል፣ መቅድም ይጨመራል፣ ሽፋን ይቀየራል። ቦርድ ጌም ላይ ግን ሊቀየር የሚችለው ነገር የተለያየ ነው፤ አንዱን ከሌላው አለመለየት ነው ገዢን የሚያበሳጨው።

ቀላሉ ዕቃው ሲቀየር ነው። ወረቀቱ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ካርታው ያምራል፣ ሳጥኑ ይከብዳል። ጨዋታው ግን ያው ነው። አብዛኛው «አዲስ እትም» ከዚህ አያልፍም፣ ዋጋው ግን ያልፋል።

ይሁንና የዕቃ ለውጥ ሳይታሰብ ሕግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሪስክን እንውሰድ። በአንዳንድ እትሞቹ ላይ ምሥራቅ አፍሪካን ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚያገናኘው መስመር ሳይታተም ቀረ። ኋላ የኅትመት ስህተት ነው ተብሎ ተመለሰ። አንዲት መስመር ናት፣ ያውም ቀይ ባሕርን የምታሻግር። ግን አፍሪካን የያዘ ተጫዋች መስመሯ ስትኖር ሦስት በር ይጠብቃል፤ ስትጠፋ ሁለት። ሰሜን አፍሪካና ግብፅ ላይ ወታደር ካስቀመጠ በቃው። በአታሚው ስህተት አፍሪካ ለመያዝ የቀለለች አህጉር ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ራሱ ሲቀየር ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የራሳችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ አለ። አውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የቼዝን ሕግ አሻሽሎ ንግሥቲቱን እንደልቧ የምትሮጥ ሲያደርጋት፣ የእኛ ሰዎች የድሮውን ይዘው ቀሩ። በንግሥቲቱ ቦታ ያለው ፈርዝ አንዲት እርምጃ በሰያፍ ብቻ ይሄዳል፣ ፊሉ (ዝሆኑ) ይዘላል። በዚያ ላይ የራሳቸውን ጨመሩ፤ ወረራ የሚባለውን። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የሕግ ለውጥ ነው፤ ጨዋታውን የሌላ ሕዝብ ጨዋታ ያደርገዋል። በሲቪላይዜሽንም በ1991 እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። በመጀመሪያው ሕግ ዋናው ነገር ከድንጋይ ዘመን ወደ ብረት ዘመን የሚያስወጣውን የዘመን መሰላል ቀድሞ መጨረስ ነበር፤ በአድቫንስዱ ግን ነጥብ ተደምሮ የበዛለት ያሸንፋል። ሩጫ የነበረው ሒሳብ ሆነ።

ሦስተኛው ወሬው ሲቀየር ነው፤ ሕጉ ሳይነካ የሚነገርበት ታሪክ ብቻ። «ፖርቶ ሪኮ» የሚባል በ2002 የወጣ ጨዋታ አለ። በመርከብ የሚመጡ ቡናማ ክብ ጠጠሮች እርሻ ላይ እየተቀመጡ ይሠራሉ፣ ስማቸው ደግሞ «ሰፋሪዎች» ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ደሴት እርሻ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚሠራው ማን እንደነበር ማንም ያውቃል። ትችቱ ሲበዛ በ2022 ታሪኩን ወደ 1897 ያመጣ እትም ወጣ። ሕጉ ከሞላ ጎደል ያው ነው። «ዘ ሴትለርስ ኦፍ ካታን» (የካታን ሰፋሪዎች) የነበረው ጨዋታም በ2015 ካታን ብቻ ተብሏል። ሰፋሪው ከስሙ ወጣ፣ ከካርታው ግን አልወጣም።

ጠጠሩ እንዴት ይሠራል?

የትሬሻም ጨዋታ አርባ ዓመት አልፎት የሚወራለት ለምንድን ነው? መልሱ ሕጉ ውስጥ ነውና ጠጋ ብለን እንየው።

ዳይስ የለም። ይህን ያዙ። አንድ ጠጠር ያለበት መሬት በሚቀጥለው ዙር አንድ ይጨመርለታል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለበት ሁለት። ሕዝብ እንዲህ ይበዛል። እያንዳንዱ መሬት የሚችለው ቁጥር አለው፤ ሁለት የሚል መሬት ሁለት ጠጠር ብቻ ይቀልባል። የእርስዎም የጎረቤትዎም ጠጠር አንድ መሬት ላይ ቢሆንና መሬቱ ለሁለታችሁም ቢበቃ ጠብ የለም። አብሮ መኖር ነው። ካልበቃ ግን ይጠፋፋሉ፣ ትንሹ ወገን ቀድሞ እያነሳ፣ አንድ ለአንድ።

ይህን ከሪስክ ጋር ያስተያዩት። ሪስክ ላይ አጥቂው ሦስት፣ ተከላካዩ ሁለት ዳይስ ሲወረውሩ ሁለቱንም የሚያሸንፈው አጥቂው የመሆን ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው፤ ተከላካዩ 29 በመቶ ገደማ፣ የቀረው እኩል ይካፈላሉ። ሠራዊት ካለህ ማጥቃት እንዲያዋጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲቪላይዜሽን ላይ ጦርነት የሚያተርፈው እምብዛም ነው። ሁለት ጎረቤት ሲዋጋ ዳር ቆሞ የሚያየው ሦስተኛው ይከብራል።

ከተማ መሥራት ሌላ ነው። ቦታው ለከተማ የተመደበ ከሆነ ስድስት ጠጠር፣ ካልሆነ አሥራ ሁለት አጥፍቶ አንድ ከተማ ይቆማል። እያንዳንዱን ከተማ ለመቀለብ ገጠር ላይ ሁለት ጠጠር መኖር አለበት። ግብር ደግሞ የሚሰበሰበው ገና መሬት ላይ ካልወረዱት ጠጠሮች ነው። ስለዚህ ያለውን ጠጠር ሁሉ ካርታው ላይ የዘራ ስግብግብ ተጫዋች ግብር መሰብሰቢያ ያጣል፣ ከተሞቹም ያምፁበትና ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። ያለልክ መስፋፋት እንዴት እንደሚያፈርስ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሕግ አላየሁም።

ዋናው ግን ገበያው ነው። ከተማ ያለው ሰው በከተሞቹ ቁጥር ልክ የሸቀጥ ካርድ ያነሳል። ቆዳ 1፣ ጨው 3፣ ወርቅ 9 ዋጋ አለው። ለብቻው ከሆነ ነው ይህ። ሲሰበሰብ ዋጋው የካርዱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በሸቀጡ ዋጋ ይባዛል። አንድ ጨው 3፣ ሁለት ጨው 12፣ ሦስት 27፣ አራት 48። ሁለት ወርቅ 36 ነው። አራት ጨው የያዘ ሁለት ወርቅ ከያዘ ይበልጣል። ስለዚህ ሁሉም ይነሳል፣ ይጮሃል፣ «ጨው ያለው! ጨው ያለው!» ይላል። ልውውጡ ላይ ከምትሰጠው ውስጥ ከፊሉን እውነት መናገር ግዴታ ነው፤ የቀረውን መዋሸት ይፈቀዳል። በመሀል ወረርሽኝ የሚል የመቅሠፍት ካርድ ሸጉጦ ለሰው ማሻገርም ይቻላል። ደላላ ያየ ሰው ሕጉን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

በካርዱ የሚገዛው ዕውቀት ነው። ሸክላ ሥራ ያለው ረሃብ ይቀልለታል፣ ሕክምና ያለው ወረርሽኝ። አንዱን የተማረ ሌላውን በቅናሽ ያገኛል። ዛሬ በየኮምፒውተር ጨዋታው የምናየው «ይህን ሳታውቅ ያንን አታገኝም» የሚለው አካሄድ ከቀደምት ምንጮቹ አንዱ ይህ ጨዋታ ነው።

ሂርማታ ካርታው ላይ ብትኖር

ጨዋታው የጥንቱን ሜዲትራኒያን ነው የሚያወራው። እኛን አይመለከትም ማለት ግን አይደለም። ሕጉ እውነት ከሆነ ሌላ ቦታም መሥራት አለበትና በጅማ እንሞክረው።

የገበያው ነገር ይሠራል፤ በደንብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሂርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ያለችበት ቦታ፣ የግቤ አገሮች ትልቅ ገበያ ነበረች። ከከፋ በኩል ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፣ ጀበርቲ ነጋዴዎች ይዘውት ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም ይወጣሉ። ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨው ነበር፤ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ለአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚመነዘረው ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ጨዋታው ላይ ጨው ሁልጊዜ 3 ነው፣ የትም ይሁን የት። እዚህ ጋ ትሬሻም የጅማን ነጋዴ ቢያማክር ኖሮ ሕጉ ይሻሻል ነበር።

የማይሠራው መገበሩ ነው። ሳይዋጉ ገብሮ መትረፍ ማለቴ ነው።

ሦስት ጎረቤታሞችን እንይ። ወላይታ በካዎ ጦና ተዋግታ በ1894 በብዙ ደም ተያዘች። ከፋም ተዋጋች፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተማረኩ። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገበሩ። በ1882 እምባቦ ላይ የሸዋ ጦር ጎጃምን ካሸነፈ በኋላ የግቤ ምድር ወደማን እንደሚያጋድል ታይቶ ነበር። ከባድ ግብር በየዓመቱ ከፈሉ። በምላሹ ጅረን ያለው ቤተ መንግሥታቸውም፣ ዳኝነታቸውም፣ ገበያቸውም በእጃቸው ቀረ። ይህ እስከ 1932 ድረስ ቆየ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው።

ይህን በሪስክ ይጫወቱት ቢባል አይቻልም። ወይ ትይዛለህ ወይ ትጠፋለህ። ሲቪላይዜሽንም ከሪስክ ይሻል እንጂ «እገብራለሁ፣ ተወኝ» የሚል ሕግ የለውም። ተጫዋቾች በቃል ሊስማሙ ይችላሉ፤ ግን ካርታው ላይ የገበረ አገር የሚባል ነገር አይታወቅም። ይህ ጉድለት የጅማን ታሪክ ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። በእውነተኛው ዓለም ብዙ ንጉሠ ነገሥት ያደገው በመገበር ነው። አዳዲስ እትሞች ሥዕሉን እያሳመሩ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲቆዩ እዚህ ጉድጓድ ላይ እጃቸውን አለማስገባታቸው ይገርመኛል።

«ጨዋታ ነው» እና «ቅኝ ግዛት ያስተምራል»

ስለነዚህ ጨዋታዎች ሁለት ዓይነት ክርክር አለ። አንደኛው ወገን፣ ልጅ ካርታ ላይ አገር ሲይዝ መዋል ወረራን ተራ ነገር ያደርገዋል ይላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ስምም አለ። በ1993 አለን ኤምሪክ የተባለ የጨዋታ ጸሐፊ የዚህን ዘር ጨዋታዎች «ፎር ኤክስ» ብሎ ጠራቸው። በእንግሊዝኛ በኤክስ ድምፅ የሚጀምሩ አራት ግሶች ናቸው፦ ማሰስ፣ መስፋፋት፣ መበዝበዝ፣ መደምሰስ። ጸሐፊው ለቀልድም ይሁን ለቁም ነገር፣ ግሶቹ የቅኝ ገዢ ማስታወሻ ይመስላሉ። ሪስክ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ የለችም፤ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ሰፊ ቀለም ውስጥ ተውጣለች። ጨዋታው በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ ነው የወጣው፣ «የዓለም ድል» በሚል ስም።

ሌላው ወገን፣ ቼዝ የተጫወተ ሁሉ ንጉሥ አልገደለም ይላል። ይህም እውነት ነው። እንዲያውም ጨዋታው ውስጥ መንግሥት እንዴት እንደሚፈርስ ያየ ሰው የበለጠ ይጠራጠራል እንጂ አያመልክም፤ ያ የግብሩ ሕግ ምስክር ነው።

እኔ ወደ የትኛውም ሳልጠጋ አንድ ነገር ልጠቁም። የሚታየው ካርታው ሳይሆን ሕጉ ለማን እንደሚያስብ ነው። አድቫንስድ ሲቪላይዜሽን ላይ ባሪያ የሚባል ጠጠር የለም። ባርነት የሚነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ «የባሮች አመፅ» በሚል የመቅሠፍት ካርድ። ከጎርፍና ከረሃብ ጎን ተደርድሮ። ማለትም ጨዋታው ባርነትን የሚያውቀው ለጌታው ችግር ሲሆን ነው። የእኛም ሂርማታ ከቡናው ጋር ሰው ይሸጥባት ስለነበር ይህ ነገር የሩቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥዕል በመቀየር አታስተካክለውም። ፖርቶ ሪኮ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተቀየረ፣ ጠጠሩ ግን ያው እርሻ ላይ ነው የሚቀመጠው።

እዚህ ስንት ይደርሳል?

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። እነዚህ ጨዋታዎች የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ከጁላይ 2024 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 60 ዶላር የሚያወጣ ሳጥን በሒሳብ ብቻ ከ3,420 ብር ወደ 6,000 እና ከዚያ በላይ ወጣ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይነሳ። ከዘመድ ጋር በሻንጣ የሚመጣው ይረክሳል፣ ግን ሜጋ ሲቪላይዜሽንን የሚሸከም ዘመድ መጀመሪያ ይፈለግ፤ ሳጥኑ አሥር ኪሎ ገደማ ነው።

ሌላው መንገድ መሥራት ነው። «ይህ ስርቆት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለሚነሳ ሕጉን እንይ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ሐሳብን፣ ሥርዓትንና አሠራርን አይጠብቅም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው። ወደ ጨዋታ ሲመጣ፣ ስድስት ጠጠር አንድ ከተማ ይሆናል የሚለው አሠራር ነው፤ የሕግ መጽሐፉ ጽሑፍ፣ የካርታው ሥዕልና የካርዱ ንድፍ ግን የሰው ሥራ ናቸው። ስሙም በንግድ ምልክት የሚጠበቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጎ መሸጥ አይቻልም። የግቤን ምድር ራስህ ስለህ፣ ሕጉን በራስህ ቃል ጽፈህ፣ የራስህን ስም ሰጥተህ መሥራት ግን ሌላ ነው። መገበር የሚባለውን ሕግ ለመጨመር ማንንም ማስፈቀድ አይጠይቅም።

ዕቃውም አያቅትም። ጅማ በርጩማና ወንበር ከአንድ ግንድ የሚፈለፍል እጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ሰሌዳ መሥራት ለእነሱ የከሰዓት ሥራ ነው። ለጠጠር ቆርኪ አለ። ዳማ በቆርኪ ያልተጫወተ የለም፣ ሰባት ዓይነት ቀለም ለመልቀምም አንድ ግሮሰሪ ይበቃል። የሚከብደው ሰባት ሰው ሰብስቦ ስምንት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱ ከተማው ሲያምፅበት አኩርፎ ይነሳል። አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ሲያልቅ፣ ካርታው ላይ ያሉት መንግሥታት ገና ብረት ዘመን አልደረሱም።